በለቅሶ ድንኳን የተጠቀለለ ከሰል

ቀረብ በሉማ። በሩ ላይ የቆማችሁትም ግቡ፤ የአዳማ አቧራ እንደሆነ ቆማችሁም ብትጠብቁት ተቀምጣችሁም ብትጠብቁት አይምራችሁም። አንዱ በርጩማው ላይ፣ አንዱ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እንደሚመቻችሁ ሁኑና የዘውድነሽን ነገር ላውጋችሁ፤ በካውያ ትተዳደር የነበረችውን ዘውድነሽ አብተውን። ጠዋት ተጀምሮ ማታ ያለቀ የአንድ ቀን ነገር ነው። ብዙ ሰው አልሰማውም፤ የሰማውም ረስቶታል።

እንግዲህ ጠዋት ነው። ዘውድነሽ የወንድሟን የካኪ ሸሚዝ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ትተኩሳለች። ወንድሟ ሰብስቤ በካናቴራ ቆሞ ሸሚዙን ይጠብቃል። አንገትጌውን ጨርሳ ወደ እጅጌው ስታልፍ፣ ድንገት እጁን ሰደደና ካውያውን ከእጇ ወስዶ ክዳኑን ከፈተ። ውስጡ የቀላውን ከሰል ጎንበስ ብሎ አየው፤ አሸተተው። ከዚያ ቀና አለና፣ “እትዬ፣ የዚህ ከሰል ደረሰኝ የታለ?” አላት። የገዛ ልብሱን እየተኮሰችለት! እሷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

“የምን ደረሰኝ?”

“የተከፈለበት ነዋ። ሦስት ብር የተከፈለበት።”

“ከጉልት በጣሳ ለገዛሁት? ቡዜ ናት ደረሰኝ የምትቆርጥልኝ?” አለችው። ቡዜ መንገድ ዳር ከሰል በጣሳ እየሰፈረች የምትቸረችር ጎረቤታቸው ናት፤ ስሟን በቅጡ መጻፍ እንኳ አትችልም።

“ደረሰኝ የሌለው ከሰል እዚህ ቤት እንዳይገባ ብዬሻለሁ” አለና ክዳኑን ገጥሞ ካውያውን መለሰላት። እሷም ተቀብላ የቀረውን እጅጌ ተኮሰች። ሸሚዙን ለበሰ፣ ቆቡን አደረገ፣ ሻይ ቀርቦለት ሳይጠጣ ወጣ። ዘውድነሽ ብርጭቆውን ዝንብ እስኪያርፍበት ድረስ አየችው።

ሁለቱ ድሮ እንዲህ አልነበሩም። እናታቸው ስትሞት ሰብስቤ ገና ጥርሱን የሚነቅል ልጅ ነበር፤ በዚሁ ካውያ ነው አሳድጋ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያደረሰችው። ሲማር ማጠቡም መተኮሱም ለእሱ ነጻ ነበር፤ የደብተሩ ልባስ ሳይቀር በካውያ ይተኮስለት ነበር ብለው ጎረቤቶች ይስቁባት ነበር። በኋላ የደን ጥበቃ ቀጠረውና ከሞጆ መታጠፊያ ወዲያ፣ በመቂ መንገድ ካለው ኬላ ተመደበ። መጀመሪያ ጊዜ ማታ ሲመጣ ከዓለም ጤና ሽንኩርት፣ ከዝዋይ ዓሣ ይዞ ነበር የሚመጣው። ኋላ ሁሉም ቀረ። ሽንኩርቱም ቀረ፣ ወሬውም ቀረ። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ መጋረጃ ተለያይተው ያድራሉ፤ ሲያስነጥስ “ይማርህ” ትለዋለች፣ “ያኑርሽ” ይላታል፤ የቀኑ ጨዋታቸው ይቺው ናት።

ነገሩ በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው የጀመረው። ከድርቁ በኋላ መሆኑ ነው። ከቆቃ እስከ መቂ፣ ወደዚህም እስከ መተሐራ፣ ግራሩ እየተጨፈጨፈ ሜዳው ራሱን እንደተላጨ ሰው ሆኖ ነበር። መንግሥትም ደንብ አወጣ ተባለ፤ ኬላ የሚያልፍ ከሰል ሁሉ በጆንያ ሦስት ብር ይክፈል። ከሰል ሲወደድ ሰዉ አጠቃቀሙን ይቀንሳል፣ የሚያከስለውም ይቀንሳል፣ ዛፉ ይተርፋል ነው ነገሩ። ቀበሌ ሰብስበው ሲያስረዱ ዘውድነሽም አጨብጭባለች። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፣ ልጆቼ፤ እሱን አልዋሻችሁም። ደንቡ ግን “በጆንያ” አለ እንጂ ጆንያው ምን ያህል ነው አላለም። ነጋዴዎቹ በሳምንቱ ሁለቱን ጆንያ ቀደው አንድ አድርገው ሰፉት። አፉ ላይ በቅጠልና በገመድ ኮፍያ ሠሩለትና የቆመ በሬ የሚያህል ከሰል በሦስት ብር ማለፍ ጀመረ። በዘንቢል የያዘች ድሃም ሦስት ብር ናት፤ የለኝም ካለች ዘንቢሏን ትታ ትሄዳለች። ከተማ ውስጥ የጣሳው ዋጋ እጥፍ ሆነ። ግራሩ መቆረጡን አላቆመም።

ዘውድነሽ እንደ ሌላው ሰው የበቆሎ ቆረቆንዳም፣ ከወንጂ የሚመጣ የአገዳ ገለባም አንድዳ ልትኖር አትችልም። ካውያ የግራር ከሰል ይፈልጋል። የግራር ከሰል ዝም ብሎ ነው የሚነደው፤ የባሕር ዛፉ ይንጣጣል፣ ፍንጣሪው ይዘላል። እሷ ደግሞ የምትተኩሰው ከአዲስ አበባ ቅዳሜና እሑድን ለማረፍ የሚመጡ ሰዎች የሚበሉበትን የአንድ ሆቴል ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ነበር። ባለፈው ሳምንት ቡዜ ግራር አጥታ ባሕር ዛፍ ሰጠቻት፤ አንዱ ፍንጣሪ ጠረጴዛ ልብሱ መሐል አርፎ ምስር የምታህል ቀዳዳ አወጣበት። የሆቴሉ ሰውዬ ቀዳዳዋ ላይ ጣቱን አስገብቶ እያሳያት “አንድ ጊዜ ነው የምምርሽ” ብሏታል። የኤሌክትሪክ ካውያ እንዳትገዛ፣ በአንድ ቆጣሪ አምስት ቤት የሚያበራበት ግቢ ነው፤ እሷ ካውያ ስትሰካ ግቢው በሙሉ ጨለማ ይሆናል።

ያን ዕለት ቅዳሜ ነበር። የዕድራቸው አባል የሙሉብርሃን አክስት ዓለም ጤና ላይ አርፋ፣ የዕድሩ ሴቶች ለቅሶ ሊደርሱ ነው። በዚያ ሰፈር ድንኳንና ትልቅ ድስት የሚያውስ ስላልነበረ፣ ዕድሩ ድንኳኑንና ጎላ ድስቶቹን ቀደም ብሎ ልኮ ሦስተኛው ቀን ካለፈ በኋላ ነው ሴቶቹ ሄደው ለቅሶም ደርሰው ዕቃውንም ይዘው የሚመለሱት። ጎበና የሚባል ሹፌር አሮጌ ካሚዮኑን አቀረበ። ጎበና ቀልደኛ ነው፤ መኪናው ሲነሳ እንደ አረጋዊ ሰው ስለሚያቃስት “እሷም አልቃሽ ናት፣ ሳንቲም አትጠይቃችሁም” ይላል። ዘውድነሽ የማለዳው ነገር ደረቷ ላይ ተጋድሞ እንደቀረ፣ ጥቁሯን ለብሳ፣ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ተሳፈረች። የዕድሩ ሰብሳቢ እማማ ሻሼ ናቸው፤ የደራ ሰው፣ አማርኛቸው ላይ ኦሮምኛ ጣል የሚያደርጉ፣ ሲቆጡም ሲስቁም ድምፃቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሴት። ከዘውድነሽ አጠገብ ተቀምጠው ፊቷን አይተው ነበር።

በመሄጃው ኬላውን ሲያልፉ ዘውድነሽ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ሰብስቤን ፈለገች። አልነበረም። ዘበኛው ጥቁር የለበሱ ሴቶች አይቶ እጁን አወዛወዘና ገመዱን አወረደላቸው። ለቅሶ የሚሄድ መኪና አይፈተሽም፤ የተጻፈ ደንብ ሳይሆን የሰው ወግ ነው። ዘውድነሽ ሰብስቤ ባለመኖሩ ለምን እፎይ እንዳለች ራሷም አላወቀችም። ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳንዴ ወደ ሌላ ኬላ ይልኩታል። እንደዚያ ነው የሚሆነው አለች በልቧ።

ለቅሶው ላይ አለቀሱ፣ እዝኑን ሰጡ፣ “እግዜር ያጥናችሁ” ብለው ድንኳኑን ነቅለው ጠቀለሉ። በመመለሻው ከዓለም ጤና ትንሽ እንደወጡ መንገድ ዳር ከሰል ተደርድሮ ነበር። የግራር ነው። ሙሉብርሃን፣ የሞተችባት ራሷ ሙሉብርሃን፣ የካሚዮኑን ጣሪያ በጡጫ መታችና “ጎበና፣ አቁም!” አለች። ዓይኗ ገና እንዳበጠ ነው። “ሰው ሞቶብኝ ቤቴ ሰው ይመጣል፤ በምን ላፈላለት ነው? በለቅሶዬ?” ሌሎቹም ተንጋግተው ወረዱ። አዳማ በጣሳ የሚሸጥበት ዋጋ እዚህ ትልቅ ዘንቢል ይሞላል። አንዷ በዘንቢል፣ አንዷ በቁራጭ ጆንያ፣ አንዷ በነጠላዋ ቋጠረች።

ዘውድነሽ መኪናው ላይ ተቀምጣ ቀረች። እማማ ሻሼ ከታች ሆነው፣ “አንቺስ? ካውያሽ ጾም ገባ እንዴ?” አሏት።

“ወንድሜ የኬላ ሰው ነው፣ እማማ።”

“ወንድምሽ ዛሬ የለም አላልሽም?”

አላለችም ነበር፤ ግን አንገቷን አስግጋ ስትፈልገው አይተዋታል። ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ታያት፤ መሐሉ ላይ ያለችው ቀዳዳና የሰውየው ጣት። ቀስ ብላ ወረደችና ከሁሉም የሚያንስ አንድ ቁራጭ ጆንያ ሞልታ ገዛች። ከዚያ ሴቶቹ ያደረጉትን ለመናገር እኔንም ያሳፍረኛል። ጥቅሎቹን ጎላ ድስቶቹ ውስጥ ጨመሩና ክዳን ገጠሙባቸው፤ የተረፈውን የለቅሶ ድንኳኑ መሐል አድርገው ጠቀለሉት። ድንኳን ማን ይፈታል? ሰው ያለቀሰበትን ድንኳን የሚፈታ ዘበኛ አልተፈጠረም። ጎበና መሪው ላይ ሆኖ፣ “ዛሬስ ሟች በጆንያ ተሸኘች” አለ። ሙሉብርሃን በነጠላዋ ጫፍ መታችውና እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ አለቀሰች።

ወደ ኬላው ሲቀርቡ ዘውድነሽ ፈራች። የሚያስፈራት ሦስት ብሩ አልነበረም። ከወር በፊት ደሊል የሚባል የሰብስቤ ባልደረባ፣ ቤታቸው መጥቶ ምሳ የበላ ሳቂታ ልጅ፣ የአክስቱን አንድ ጥቅል ከሰል አውቶቡስ ላይ አይቶ እንዳላየ አለፈው። አውቶቡሱ ውስጥ ሲቪል የለበሰ ሰው ተቀምጦ ኖሯል። “የኢኮኖሚ አሻጥር” ተባለና ወሰዱት። ሚስቱ ስንቅ ታመላልሳለች፤ ሰሃኑ ባዶውን ይመለስላታል፤ የበላው ማን እንደሆነ ግን አይታ አታውቅም። ሰብስቤ ከሰል ማሽተት የጀመረው ከዚያ ሳምንት ወዲህ ነው። ዘውድነሽ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር፤ ግን ሁለቱን ነገር አገናኝታ አላየቻቸውም። ልጁ ሥራ ሲይዝ ናቃት፣ ጥላሸቷ አሳፈረው፣ እንዲህ ነበር የመሰላት። የደሊል ሚስት ሰሃን አሁን፣ ካሚዮኑ ሲንገጫገጭ ነው ትዝ ያላት።

ኬላው ጋ ሲደርሱ ገመዱ እንደተወጠረ ነበር። ከፊታቸው ማንም የለም፤ ከኋላቸው ከሰል የጫነ ትልቅ ኤንትሬ መኪና ደርሶ ቆመ። ከቆርቆሮው ቤት አንድ ቀጠን ያለ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ወጣ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ለቁጥጥር የመጣ ጓድ ወልደአማኑኤል የሚባል ኃላፊ መሆኑን በኋላ ነው የሰሙት፤ ኬላው ዘመድ ያሳልፋል የሚል ወሬ ደርሶት ነበር የመጣው። ከኋላው ሌላ ሰው ወጣ። ሰብስቤ ነው፤ በመሄጃው ጊዜ ከውስጥ ኖሯል። እሷ ጠዋት የተኮሰችው ሸሚዝ ላቡን ጠጥቶ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

“ምንድን ነው የጫኑት?” አለ ኃላፊው።

“ከለቅሶ ነው፣ ጌታዬ… ጓድ… ጓድ ጌታዬ” አለች ሙሉብርሃን።

ኃላፊው ፈገግ እንደማለት አለ። “እግዜር ያጥናችሁ” አለ፤ ከዚያ ወደ ሰብስቤ ዞሮ፣ “ውጣና እይ” አለው።

ሰብስቤ የካሚዮኑን ጎማ ረግጦ ወጣ። ሴቶቹን አንድ በአንድ አየ፤ ዘውድነሽ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። ለማየት ያህል ጎንበስ ብሎ እጁን ድንኳኑ ላይ ጫነ፤ ጫን ሲለው ከውስጥ ከሰሉ ተንኮሻኮሸ። ብርጭቆ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነው፤ ከታች የቆመው ሰው አይሰማውም፣ ከላይ ያለነው ግን… ከላይ የነበሩት ሁሉ ሰሙ። ሰብስቤ እጁን አላነሳም። መዳፉ እንደተጫነ ቀና ብሎ እህቱን አያት፤ ልጅ ሳለ ብርጭቆ ሰብሮ በሩ ሥር ተደብቆ የሚያያትን አስተያየት። ጠዋት ካውያውን ያሸተተው ሰው አልነበረም። ወደ ኃላፊው ዞረና፣ “የለቅሶ ዕቃ ነው፣ ጓድ። ድንኳንና…” ብሎ ጀመረ።

ሊዋሽላት ነው! ደንቡን ረስቶ፣ ደሊልን ረስቶ፣ ሊዋሽላት ነው። ኃላፊው ደግሞ አንድ እግሩን ጎማው ላይ ማሳረፍ ጀምሯል፤ ራሱ ሊወጣ ነው። ዘውድነሽ ተነሣች።

“ከሰል አለ፣ ጓድ!” አለች። ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። “ከሰል ይዘናል። ድንኳኑም ውስጥ አለ፣ ድስቱም ውስጥ አለ። ልጁ ገና መጠየቁ ነው፤ እኛ ነን ያልተናገርነው።”

“ኧረ ምላስሽን!” አለች ሙሉብርሃን ዝቅ ባለ ድምፅ። ሌላዋ አንገቷን ደፋች። ጎበና ሞተሩን አጠፋ።

ኃላፊው እግሩን ከጎማው ላይ አወረደ። መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ ሰብስቤን፣ ተመልሶ እሷን አየ። “ልጁን ያውቁታል እንዴ?” አላት።

ዘውድነሽ “አላውቀውም” ልትል አፏን ስትከፍት ሰብስቤ ቀደማት። “እህቴ ናት” አለ። “ያሳደገችኝ እህቴ ናት፣ ጓድ።”

ሁሉም ወረዱ። ድንኳኑ መንገድ ዳር ተፈታ። ነጩ ሸራ መሐሉ ጠቁሮ፣ ጥላሸቱ የሰው መዳፍ እየመሰለ እዚህም እዚያም ታትሞበት ነበር። ኃላፊው ይጮሃል ብለው ሲጠብቁ አልጮኸም። ሸራውን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ “እኔም እናቴን የሸኘሁት በዕድር ድንኳን ነው” አለ። ከዚያ ይልቅ ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። ቀጥሎ ደንቡን ነገራቸው፤ ድምፁ የደከመ ነው። እያንዳንዱ ጥቅል እንደ አንድ ጆንያ ይቆጠራል፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ብር፣ ካልሆነም ይወረሳል። ሴቶቹ ያላቸውን ለእዝንና ለከሰሉ አውጥተው ጨርሰዋል። ከሁሉም ኪስ ተለቅሞ ለአንድ ጥቅል በቃ እንጂ ለሁለት አልሞላም።

ከኋላ ያለው ኤንትሬ ጥሩምባውን ነፋ። እማማ ሻሼ ዞረው አዩት፤ የቆሙ በሬዎች የሚመስሉ ጆንያዎች እስከ ሰማይ ተቆልለዋል። ረጅም ጊዜ አዩት።

“ልጄ” አሉት ኃላፊውን፣ “ያ ምንድን ነው?”

“ከሰል ነው፣ እማማ።”

“ኤዬ፣ ከሰልነቱንስ አወቅሁ። አንዱ፣ ያ አንዱ፣ ጆንያ ነው የሚባለው?”

“ነው።”

“ስንት ይከፍላል?”

“ሦስት ብር” አለ ኃላፊው።

እማማ ሻሼ ወደ ኤንትሬው ሄዱና ከጭነቱ ላይ የተቀመጠውን ሰው ባዶ ጆንያ ለመኑት። ሰውየው እየሳቀ ሁለት አሮጌ ጆንያ ወረወረላቸው፤ “ለመግነዝ ነው?” ብሎም ጠየቀ። ዕድር እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ፤ የሁሉም አንድ ላይ ይገባል፣ ለቸገረው አንድ ላይ ይወጣል። ጎበና ከመሣሪያ ሳጥኑ ወስፌ አመጣ፣ የድንኳኑን ገመድ አንድ ጫፍ ቆረጡ፣ የአንዱን ሥር ቀደው ሁለቱን ጆንያ አንድ አድርገው ሰፉ። ዘንቢሉ፣ ቁራጭ ጆንያው፣ የነጠላው ቋጠሮ፣ የዘውድነሽም ትንሿ ጥቅል፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ተገለበጠ። ነፋሱ ብናኙን እያነሳ ፊታቸውን አጠቆረው፤ ጥቁር ለብሰው የመጡት ሴቶች አሁን ራሳቸው ጥቁር ሆኑ። ማንም አልሳቀም። እንደ ቀብር ነበር የሠሩት፤ ሲጨርሱም ጆንያው የእማማ ሻሼን ቁመት አክሎ ቆመ።

ኃላፊው ጆንያውን አየ፤ ከዚያ ኤንትሬውን አየ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። “ቁረጥላቸው” አለው ሰብስቤን።

ሰብስቤ ሦስት ብሩን ተቀብሎ የደረሰኙን ጥራዝ አወጣ። “በማን ስም?” አለ መሬት መሬቱን እያየ። ሴቶቹ ተያዩ። ስሙ የተጻፈ ሰው ነገ የሚጠራ ሰው ነው፤ በዚያ ዘመን ወረቀት ላይ መግባትን ማን ይወዳል?

“በኔ ስም” አለች ዘውድነሽ። ሙሉ ስሟን አልጠየቃትም። “ዘውድነሽ አብተው” ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ “ሰብስቤ አብተው” ብሎ ፈረመ። ኃላፊው በትከሻው በኩል አነበበው። ካሚዮኑ ተነሥቶ ሲያቃስት ኃላፊው “ኤንትሬውን ወደ ዳር አውጣና ያለው ሚዛን ይምጣ” ሲል፣ ቀጥሎም “አንተ ደግሞ ግባ” ሲል ሰሙት። ዘውድነሽ ወደ ኋላ ዞራ ወንድሟ ቆቡን በእጁ ይዞ የቆርቆሮውን ቤት ደፍ ሲሻገር አየችው። ከዚያ መንገዱ ታጠፈ።

አዳማ ሲደርሱ በእማማ ሻሼ ግቢ ከሰሉን በዕድሩ ጣሳ ሰፍረው በየድርሻው አከፋፈሉ፣ ድንኳኑን ዘፈዘፉ። ሙሉብርሃን የራሷን ቋጠሮ ይዛ ስትወጣ ዘውድነሽን ትከሻዋን ነካ አድርጋት አለፈች፤ ይቅርታም ይሁን ስድብ አልለየችውም። ዘውድነሽ ቤቷ ገብታ ካውያውን በአዲሱ ከሰል ሞላችው። ዝም ብሎ ነደደ። የሆቴሉን ጠረጴዛ ልብስ ዘረጋች፣ ውሃ በአፏ ነፋችበት፣ ተኮሰች። አውቶቡስ ጥሩምባ በነፋ ቁጥር ካውያውን ታነሳለች። ሰብስቤ ዘወትር የሚገባበት ሰዓት አለፈ። ሰሃን ከመደርደሪያው አውርዳ አየችው፤ ስንቅ የሚቋጠርበት የትኛው እንደሚሻል ስትመርጥ ራሷን አገኘችው፤ ደንግጣ መለሰችው። አንዱን ልብስ ሁለቴ ተኮሰችው። ሦስተኛ ልትጀምረው ስትል የግቢው በር ተንኳኳ፤ ኧረ አይደለም፣ ተገፋ፤ የሚያንኳኳ ሰው አይደለም፣ የቤት ሰው ነው።

ሰብስቤ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጫማውን አወለቀ። ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር ጫማውን ፊቷ ካወለቀ። ሻይ ሰጠችው፤ ጠጣ።

“ከሰኞ ጀምሮ በሚዛን ነው አሉ” አለ። “የኤንትሬውን አንዱን ጆንያ መዘኑት። ሰውየው ሲምል ሲገዘት ነበር።”

“አንተስ?”

“መተሐራ ኬላ። ነገ ጠዋት ግባ ተብያለሁ። የዘመድ መንገድ ላይ አትቆምም አሉኝ።”

“በኔ ነው” አለች።

“የጀመርኩትን ውሸት ብጨርሰው ኖሮ ከደሊል ጋ ነበርኩ፣ እትዬ።” ብርጭቆውን አዞረው። “ጠዋት ደረሰኝ ስጠይቅሽ… ማታ ማታ የሚታየኝ እነሱ እዚህ ሲገቡ ነው። ካውያሽን ከፍተው ሲያዩ። እኔን ሳይሆን አንቺን ሲወስዱ።” አላስጨረሰችውም። ተነሥታ ሸሚዙን ከጀርባው ላይ ገፈፈችው፤ ልጅ ሳለ እንደምታደርገው እጁን ወደ ላይ አንሳ አለችው።

አጥባ፣ ጨምቃ፣ ያልደረቀውን በካውያ አደረቀችው። አንገትጌውን፣ ትከሻውን፣ ሁለቱን እጅጌ። መጋረጃው ተገልጦ ስለነበር አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ያያታል። ሰኞ ሚዛኑ ሲመጣ ነጋዴው የከፈለውን በጣሳው ዋጋ ላይ እንደሚጨምረው ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሸሚዝ በስንት እንደምትተኩስ፣ ቤት ኪራዩ ከወንድሟ ደመወዝ ሲለይ ከየት እንደሚመጣ አላነሱትም። ሸሚዙን አጥፋ ሰጠችው። ሲቀበላት ከደረት ኪሱ ውስጥ ወረቀት ተንኮሻኮሸበት።

“ምንድን ነው?”

“የከሰሉ ደረሰኝ ነው” አለችው። “ጠዋት የጠየቅኸኝ።”

ሰብስቤ ኪሱን በመዳፉ ሸፍኖ ቆየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ይሳቅ ያልቅስ አላወቀችም፤ ትከሻው ብቻ ሲነቃነቅ አየች።

ሚዛኑ መጣ፤ የመጣ ሰሞንም በሬ የሚያህሉት ጆንያዎች ከመንገዱ ጠፉ። ግራሩ ተረፈ አልተረፈም፣ ቆቃ ዳር ስታልፉ ራሳችሁ እዩት፤ እኔ ዓይኔ ደክሟል። እናንተ ብቻ፣ ልጆቼ፣ የተተኮሰ ልብስ ለብሳችሁ በዚያ መንገድ ስታልፉ እጃችሁን አንዴ ኪሳችሁ ላይ አድርጉና ዘውድነሽን አስታውሱልኝ። እኔ ከዚህ ሌላ አልለምናችሁም።